ላም የምትጠብቀው ግማሽ ቀን ነው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አምቦ ከተማ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፤ «ታዲያ ቀኑን በምን ታሳልፈዋለህ?» ይለኛል። እውነቱን ልናገር፤ ቀን በማሳለፍ በኩል የሚስተካከለኝ የለም። ደመወዝ እየተከፈለኝ ስንት ቀን አሳልፌያለሁ! አሁን ልዩነቱ በገዛ ወጪዬ ማሳለፌ ብቻ ነው።

ሥራዬ ላም ማዳቀል ነበር። በሹመት ደብዳቤው ላይ «የሰው ሠራሽ ማዳቀል ቴክኒሻን» ይላል። ገበሬው ይህን ሁሉ ለመጥራት ትዕግሥት ስለሌለው ፊት ለፊት «ዶክተር» ይለኛል፤ ዞር ስል ደግሞ «ኦቦ ኮርማ»። ዶክተር አለመሆኔን ተናግሬ ተናግሬ ሲሰለቸኝ ተውኩት። ኮርማነቱን ግን ባለቤቴ ዘነበች የሰማች ቀን ወንበር ይዛ ነው የሳቀችው። አንድ ቃል አልጨመረችም፤ ባትጨምርም ገብቶኛል።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የግብርና ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ነበርኩ። አንዲት መስኮት አለችኝ፤ ከመስኮቷ ማዶ ሰልፍ አለ። አካፋ የሚፈልግ፣ ጆንያ የሚመልስ፣ የቀለም ቆርቆሮ የሚጠይቅ ይሰለፋል። መጀመሪያ የመጣ መጀመሪያ ይስተናገዳል። ጮክ ብሎ የተናገረም ትንሽ ቀደም ይላል፤ ይህን አልክድም። ከዚያ መዋቅር ተለወጠ ተባለና መስኮቴ ተዘጋች፤ «ሥልጠና ግባ ወይም ሌላ ቦታ ፈልግ» ተባልኩ። አርባ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን እስከ ትከሻው ላም ውስጥ ሲከት ማየት የፈለገ ያኔ መምጣት ነበረበት። ላሟ ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ከሁለታችን ማን ይበልጥ እንዳፈረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ይህን ሥራ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ላም ኮርማ ስትፈልግ ትጮኻለች፣ መኖዋን ትተዋለች፣ በሌሎቹ ላይ ትወጣለች። ዋናው ምልክት ግን ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ መቆሟ ነው። «ቆመች» የምንለው ያኔ ነው። ጠዋት የቆመች ላም ከሰዓት በኋላ ትዳቀላለች፤ ማታ የቆመች በማግስቱ ጠዋት። ግማሽ ቀን ማለት ነው። እሱ ካመለጠህ ሃያ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ላም ቀጠሮ አታራዝምም፤ ማመልከቻም አትቀበልም።

የመጀመሪያ ምድቤ ጊንጪ ነበር። እዚያ ሥራውን ያስያዘኝ ኦቦ ገመቹ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የእጁን ነገር ተዉት፤ እኔ አሥር ደቂቃ የምደናበርበትን የማኅፀን በር እሱ ወሬ እያወራ ያገኘዋል። «የዶሮ አንገት ፈልግ» ይለኝ ነበር። «ከውጭ ስትነካው ጠንከር ያለ፣ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ልክ የዶሮ አንገት። አትቸኩል፤ አትጭመቃት። እጅህ ሲዝል አውጣና ተንፍስ፤ እሷም ትተንፍስ።» ቤቴ ስገባ የዘነበችን ዶሮ ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቷን ስዳብስ ተይዣለሁ። ዘነበች ዶሮዋን ከእጄ ነጥቃ «ይቺን ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው?» አለችኝ።

የገመቹ እጅ ብቻ አልነበረም የገረመኝ። ጠዋት ጠዋት ከቢሮው ደጅ አንድ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ደብተሩን ይከፍታል። ገጹን መሐል ለመሐል ያሰምርና መጀመሪያ የግራውን ጎን ይሞላል። ይጽፋል፣ ያስባል፣ ይጽፋል። ግራው እስከ ታች ከሞላ በኋላ በቀኝ በኩል አንድ ስም፣ ሲበዛ ሁለት ያስቀምጣል፤ የላም ባለቤት ስምና የቆመችበትን ሰዓት። አንድ ቀን ከትከሻው ላይ አጮልቄ አነበብኩ። ከግራው ጎን አናት ላይ «ዛሬ የማልሠራው» ይላል።

«ኦቦ ገመቹ» አልኩት፤ «ሰው እኮ የሚሠራውን ነው የሚጽፈው።»

«የምሠራውንማ አውቀዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ሌላው ነው።»

«ሌላው ምን ያደርግሃል?»

«ይጠራኛላ። ስሙን ጽፌ ካላስቀመጥኩት በጠራኝ ቁጥር እሄዳለሁ።»

ሳቅሁበት። ደግሞም ሰነፍ መሰለኝ። ስልክ ሲደወልለት ከሰላምታ በፊት «ስንት ሰዓት ላይ ቆመች?» ነው የሚለው። በእኛ አገር፣ አካም ቡልታን ተብሎ፣ ቤተሰቡ ተጠይቆ፣ ከብቱ ተጠይቆ፣ ዝናቡ ተጠይቆ ወደ ጉዳዩ በሚገባበት አገር! ሰላምታውን መጨረሻ ላይ ረጋ ብሎ ይሰጣቸዋል፤ የላሟ ሰዓት ገና ከሆነ ደግሞ «ዛሬ አልመጣም፤ ነገ ጠዋት» ብሎ ይዘጋል። ስምንት ሰዓት ላይ ሥራውን ጨርሶ ሬዲዮ ሲያዳምጥ እኔ ገና እሮጣለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ግን የሚሮጠውን ነው። «ታታሪ» ይሉኛል። እኔም አምኜ ቁጭ አልኩ።

ከጊንጪ ጌዶ ተዛወርኩ። ጌዶ ብርድ ነው፤ ጌዶ የከብት ገበያ ነው፤ ጌዶ አበል ሳይመጣ የሚከርምበት አገር ነው። ስለ አበሉ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል። እዚያ እጄ ተፈታ። ሁለት ጊዜ ላም ረግጣኛለች፤ ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንደኛዋን «አይዞሽ» ሳልላት ከኋላ ተጠጋኋት። ሁለተኛዋን «አይዞሽ» እያልኩ ከኋላ የተጠጋኋት፣ በሰንበቴ የቀመስኩት ጠላ ገና ከአፌ ሳይጠፋ ነው። ላም ጠላ አትወድም። ብቻ ከዚያ ወዲያ የዶሮ አንገቱን ወሬ እያወራሁ ማግኘት ጀመርኩ፤ ራሴንም እንደ ገመቹ መቁጠር ጀመርኩ። ደብተሩን ረስቼ።

ጉደር የመጨረሻ ምድቤ ነው። ለቤቴ ቅርብ፣ መንገዱ ጥሩ። በዚያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ወደ ስልክ ገብቷል። ኃላፊያችን ኦቦ ለሜሳ የቴሌግራም ቡድን ከፍቶ ከጠዋት እስከ ማታ «አስቸኳይ» የሚል መልእክት ይልካል። ሁሉም አስቸኳይ ነው። የስብሰባ ጥሪ አስቸኳይ ነው፤ የስብሰባው መራዘም አስቸኳይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም ከላይ «አስቸኳይ» የሚሉት አሉ። እኔ ደግሞ ያቺን የንብረት ክፍል መስኮት ጡብ በጡብ ተሸክሜያት ዞሬአለሁ፤ ቀድሞ የጠራኝን አስተናግዳለሁ፣ ከዚያ ቀጣዩን። የሠራሁትን ሁሉ በደብተር ጽፌ ጎኑ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ። ምልክት ማድረግ እንዴት ደስ ይላል! አንዳንዴ ያልተጻፈ ሥራ ሠርቼ ስገኝ፣ ጽፌ ምልክት አደርግበት ነበር።

አሁን ወደ አዴ ጫልቱ ልምጣ። ሳላወራት ብቀር ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እሷን ትቼ የሥራ ዘመኔን ላውራ ብል ውሸቴን ነው።

አዴ ጫልቱ ከጉደር ከፍ ብላ ባለች ቀበሌ የምትኖር ገበሬ ናት። መንገዱ ሲደርቅ በሞተር አንድ ሰዓት ያህላል። ቡሬ የምትባል ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር ላም አለቻት። ቡሬን ጊደር ሳለች የሰጠቻት እናቷ ናት፤ እናትየው አርፋለች፤ ከእናቷ ቤት የቀራት ነገር ይቺ ላም ብቻ ናት። ችግሩ ቡሬ አርጅታለች። ባለቤቷ ኦቦ ፈይሳ ደግ ሰው ነው፤ ግን ገበሬ ነው። «እስከሚመጣው ፋሲካ ካልያዘች ለበዓሉ ገበያ ትወርዳለች» ብሎ ቆርጧል። ለፋሲካ ገበያ የምትወርድ አሮጊት ላም የት እንደምትደርስ ለማንም አይነገርም። እርጉዝ ከሆነች ግን ትቀራለች፤ ባልየው ቃሉን ሰጥቷል። ጉዳዩ እንግዲህ ይኼ ነው። አንድ እርግዝና።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ደወለች።

«ዶክተር፣ ቡሬ ቆመች! አሁን፣ ሲነጋ!»

«ደስ የሚል ዜና ነው። ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ።»

«ማሎ፣ እባክዎ፣ እንዳይረሱኝ።»

«እኔ? እንዴት ተደርጎ!»

ልብ በሉ፤ ያን ጠዋት ሙሉ ቀን ነበረኝ። ያጠፋኝም እሱ ነው። ጊዜ የሌለው ሥራ ቢሆን ሮጬ እሄድ ነበር፤ ይኼ ግን ሰፊ ቦታ ያለው መሰለኝና ሌላውን ሁሉ ከፊቱ አሰለፍኩት። መጀመሪያ የኦቦ ለሜሳን አስቸኳይ ሠንጠረዥ ሞላሁ፤ ሞልቼም አልተውኩ፣ ዓምዶቹን በቀለም ለየሁ። ከዚያ የአንድ ባለሥልጣን ውሻ የእብድ ውሻ ክትባት አልተከተበም ተባለና ሄድኩ። ውሻው አልያዝ አለ፤ አንድ ሰዓት አባረርነው። ከዚያ የሞተሬ መስታወት ላልቶ ስለነበር ጋራዥ ገባሁ። መስታወት! ከኋላዬ ማን ይከተለኛል ብዬ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከዚያ አንድ ባለሱቅ «ላሜ ኮርማ ሳትፈልግ አትቀርም» ብሎኝ ሄጄ አየሁ፤ የፈለገችው ጨው ነው። በየመሐሉ ምልክት አደርጋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብተሬን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ምልክት። እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም።

ሞተሩን ሳስነሳ ዝናቡ ወረደ። የሰኔ ዝናብ መሆኑን ረስቼ ኖሯል፤ ወይም እሱም ተራውን ይጠብቃል ብዬ ይሆናል። በመንገዱ ላይ ያለችው ወንዝ፣ በበጋ ጫማ የማታረጥብ ወንዝ፣ ሞልታ ታጓራለች። ማዶ ለማዶ እያየኋት ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።

በማግስቱ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አዴ ጫልቱ ቡሬን አስራ ትጠብቀኛለች። እኔ ከሞተር ሳልወርድ አወቅሁት። ላሟ ረጋ ብላ ታመነዥጋለች። ጭራዋ ላይ ያለው ፈሳሽ ደርቋል። ሌላ ጊደር መጥታ አገጯን ወገቧ ላይ ብታሳርፍ ቡሬ በቀንዷ ዘወር አደረገቻት። አልፏል። ከዚህ በኋላ መጨመር ዘሩን መድፋት ነው።

ማለት የነበረብኝ «ዘግይቻለሁ፤ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ እንሞክር» ነበር። አንዲት አረፍተ ነገር። ግን ሴትዮዋ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራለች፤ ውኃ አሙቃ አቅርባለች፤ ፊቷን አየሁና ፈራሁ።

«ጊዜዋ አላለፈም አይደል?» አለችኝ።

«ጥሩ ጊዜዋ ነው፤ አታስቢ።»

ጓንቴን አጠለቅሁ፤ ሁሉንም ነገር በሥርዓቱ አደረግሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከንቱ ሥራ ሲሆን እጄ እንዴት እንደሚያምር!

በሃያ አንደኛው ቀን ቡሬ ምልክት አላሳየችም። ያረጀች ላም ድራቷ፣ ኮርማ መፈለጓ፣ ይደበቃል፤ ጉም ባለበት መስክ ላይ አንዴ ታይቶ ያልፋል። አዴ ጫልቱ ግን «ያዘች» ብላ ደወለችልኝ። በሦስተኛው ወር ሄጄ በእጄ መርምሬ ማረጋገጥ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ አልኩ። በእርግጥም በዛብኝ፤ የማልፈልገው መልስ ያለበት ሥራ ሲኖር ሌላው ሥራ ሁሉ እንዴት እንደሚበዛ አይታችሁ ታውቁ የለ።

ኅዳር ላይ ሄድኩ። እጄን ከተትኩ፤ ፈለግሁ፤ ምንም የለም።

«አዴ ጫልቱ፣ ባዶ ናት።»

ቀስ ብላ ዱላዋን መሬት ላይ አኖረች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ዛሬ» ልል አፌን ከፈትኩ። ትክ ብላ ታየኛለች።

«የዚያን ዕለት» አልኳት።

«የዚያን ዕለት?»

«ከሞተር ሳልወርድ።»

«የጎረቤት ኮርማ በደጄ አልፎ ነበር» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «አንዴ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ። ቡሬ እርጉዝ ናት ብዬ በዱላ አባረርኩት። አንተን አምኜ! ፉርሽካ ገዝቼ አበላኋት፤ አንተን አምኜ! ቢያንስ ዝም ብትል እኮ ኮርማው ሥራውን ይሠራ ነበር።»

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አንቱታዬ ተሰረዘ። «ኦቦ ኮርማ» የሚለው ቅጽል ስምም ያን ቀን ከእኔ በላይ የሚገባው ባለቤት አገኘ፤ የጎረቤቱን ኮርማ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጊንጪ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ አተር ይፈለፍላል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ውሻውን፣ መስታወቱን፣ ውሸቱን። አልገሠጸኝም፤ አተሩን መፈልፈሉንም አልተወም።

«ስንት ሥራ ሠራህ ያን ቀን?» አለኝ።

«አሥራ አንድ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ሁሉም አዘዘኝ።»

«ሴትዮዋስ?»

«እሷ ለመነችኝ።»

«አየህ» አለ፤ «ያዘዘህን ሁሉ አስቀድመህ የለመነችህን መጨረሻ አደረግሃት። አንተ ልጅ፣ ያን ሥልጠና የወሰድከው ለከብት ነው ወይስ ለአለቃ?»

የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ ያኔ። እኔም አተር መፈልፈል ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እኔስ ብሆን» አለኝ። «ያን ግራ ገጽ የጀመርኩት በጉብዝና መስሎህ ነው? እኔም ያጠፋኋት ላም አለችኝ።» የማን እንደሆነች አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ጣሳ አተር ፈልፍለን ጨረስን።

ሰኞ ጠዋት ገጹን መሐል ለመሐል አሰመርኩ። መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ግራውን መሙላት ግን የዶሮ አንገት ከመፈለግ ባሰ። «የቀለም ሠንጠረዥ» ጻፍኩ። «የባለሱቁ ጥርጣሬ» ጻፍኩ። «የወዳጅ ሻይ» ጻፍኩና ሰረዝኩት፣ ደግሜ ጻፍኩት። ቀን ለቀን ይሻሻላል። አንድ ቀን ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ስወጣ ኦቦ ለሜሳ አገኘው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ ስመለስ፤ ጣቱን ግራው ገጽ ላይ አድርጎ። «ዛሬ የማልሠራው ይላል። ከሥሩ ለሜሳ ይላል። እኔ ነኝ የማልሠራው?»

«የእርስዎ መልእክት ለማለት ነው፤ ቦታ አጥሮኝ አሳጠርኩት።»

«አስቸኳዩን?»

«ዛሬ ጠዋት የቆመች ላም ከሰዓት በኋላ አለችኝ፣ ጌታዬ። ሠንጠረዡ ከነገ ወዲያም ይቆማል፤ እሱ ሲቆም ኮርማ አይፈልግም።»

ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ ቀደመው። ከዚያ በኋላ መልእክቱን አልቀነሰም፤ ግን አንዳንዴ ከ«አስቸኳይ» ቀጥሎ «ላም ከሌለብህ» የሚል ይጨምርልኝ ነበር። ይህን በሥራ ዘመኔ ካገኘኋቸው የምስጋና ወረቀቶች ሁሉ አስበልጬ ነው የማየው።

የቡሬ ነገር ግን እንዳለ ነው። አዴ ጫልቱ መደወል አቁማለች። ፋሲካ እየመጣ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ስልሳ ዓመት ሞላኝ። ሽኝት ተዘጋጀልኝ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ። ዘነበች ሸሚዜን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ያን ዕለት ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ።

«አዴ ጫልቱ?»

«ሌላ ሰው የለም ወይ?» አለችኝ፤ ያለ ሰላምታ።

«ሌላው ሥልጠና ላይ ነው። ስንት ሰዓት ላይ ቆመች?»

«ትናንት አመሻሽ፣ ከብቶቹ ሲገቡ። እኔ ራሴ አየሁ፤ በየቀኑ ስጠብቃት ነው የከረምኩት። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ አንተው ና።»

ማታ የቆመች ጠዋት ነው። ሦስት ሰዓት፣ ቢበዛ አራት። ደብተሬን አወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጭር ገጽ ጽፌ አላውቅም፤ ግራው ላይ «ሽኝቴ»፣ ቀኙ ላይ «ቡሬ»።

ዘነበች ሸሚዙን ይዛ ቆማለች። «ሰዎቹን ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ነው በያቸው።»

«ጡረታ በወጣህበት ቀን?»

«ሌላ ቀንማ ማን ያምንሻል!»

ስደርስ ፀሐይ ገና ቤቱን አልነካችም። ቡሬ ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ቆማለች። ከሥሯ የሚወርደው ፈሳሽ እንደ እንቁላል ነጭ ጥርት ያለ፣ ሳይበጠስ እስከ መሬት የሚደርስ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት በዓመት አንዴ ቢገጥም ነው። አዴ ጫልቱ ውኃ አምጥታ አኖረች፤ ሙቀቱን በክርኔ ሞከርኩ። ዘሩ በብርድ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ዕቃ ስከፍት ጭሱ እግሬ ሥር ተንከባለለ። ዘሩ ያለባትን ቀጭን ቀሰም በመቆንጠጫ አውጥቼ ለብ ያለው ውኃ ውስጥ ከተትኳት፤ ግማሽ ደቂቃ። ቆጠርኩ። ከዚያ አድርቄ፣ ጫፏን ቆርጬ፣ የማዳቀያው ዘንግ ውስጥ አስገብቼ፣ ብርድ እንዳይመታት ሸሚዜ ውስጥ ደረቴ ላይ ያዝኳት። «አይዞሽ ቡሬ» አልኩ፤ ጠላ አልቀመስኩም። እጄ ገባ፤ የዶሮ አንገቱን አገኘሁት። ቀለበት፣ ቀለበት፣ ቀለበት። ዘንጉ ሦስተኛውን ሲያልፍ በጣቴ ጫፍ ተሰማኝ። እዚያው ቆምኩና በእርጋታ፣ አምስት እየቆጠርኩ፣ ዘሩን ገፋሁት።

ምንም ቀልድ አልተናገርኩም። አዴ ጫልቱም ይህን ያስተዋለች ይመስለኛል፤ «አመመህ እንዴ?» ብላኛለች።

አዳራሹ ስደርስ ሰባት ሰዓት ነው። እንግዳው ተበትኗል፤ ኦቦ ለሜሳ ብቻ ስጦታዬን ታቅፎ ይጠብቀኛል። ንግግሩን ለባዶ ወንበር አድርጎ ጨርሷል። ምን እንዳለ ዘነበች ኋላ ነገረችኝ፤ «ሰዓት አክባሪነቱ ለሁላችን ትምህርት ነው» ብሎ ሲናገር ዓይኗን የምታሳርፍበት አጥታ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ነበር። ስጦታው የግድግዳ ሰዓት ነው። ኦቦ ለሜሳ ሲሰጠኝ ሸተተው መሰለኝ አፍንጫውን በመሀረብ ያዘ።

«ያዘች?» አለኝ።

«የሚታወቀው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው።»

«ሪፖርት አድርግልኝ። አስቸኳይ አይደለም» አለ።

ያን ሁለት ወር ተኩል እንዴት እንዳሳለፍኩት ሰው ቢጠይቀኝ ነበር መልስ የነበረኝ። ሥራ የለኝም፤ ግን አንድ ሥራ አለኝ። ሞተሩን ለመሥሪያ ቤቱ መልሻለሁ። ረጅም ጓንት ከአምቦ የከብት መድኃኒት ቤት ገዝቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ከእሑድ ቅዳሴ ስመለስ ዘነበች ኪሴን ስትፈትሽ አግኝታው «የቤተ ክርስቲያን ጓንት ነው?» ብላለች። ጥርን አሳለፍኩ፤ የካቲትን አሳለፍኩ። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሚኒባስ እስከ ጉደር፣ ከዚያ ባጃጅ እስከ ወንዟ፣ የቀረውን በእግሬ። ወንዟ ጫማዬን አላረጠበችም።

ኦቦ ፈይሳ የበረቱን ግንብ ተደግፎ ቆሟል። ፋሲካ ሊደርስ ነው፤ ነጋዴ አንድ ጊዜ መጥቶ ላሟን ዞሯት ሄዷል። አዴ ጫልቱ ቡሬን አሰረች። ደሞዝተኛ ሳልሆን ያደረግሁት የመጀመሪያ ምርመራ ነው። ቀስ ብዬ ገባሁ። የዶሮ አንገቱን አልፌ ወደ ፊት፣ ወደ ታች፤ በግራ ምንም። በቀኝ ሄድኩ። እዚያ ለስላሳ፣ ውኃ የቋጠረ ነገር አገኘሁ፤ በጣቴ ሳንሳፍፈው ውስጡ የሆነች ነገር ነክታኝ ሸሸች። አይጥ የምታህል። እንደገና ቀስ ብዬ ነካሁ፤ እንደገና ነክታኝ ሸሸች።

ሁለቱም ያዩኛል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ በዚህ ጊዜ አንድ ቀልድ እናገር ነበር።

«ጂራ» አልኩ። «አለ።»

ኦቦ ፈይሳ ባርኔጣውን አወለቀ። አዴ ጫልቱ ግን አልተነቃነቀችም። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እጄ ላሟ ውስጥ እንዳለ፣ ላቤ በዓይኔ ላይ እየወረደ።

«ድገም» አለችኝ።

«አዴ ጫልቱ፣ በጣቴ ነክቻታለሁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ድገም።»

ጣቴን ወደ ቀኝ መልሼ ደገምኩ።